ባለቤቱን የከሰሰው ጋዜጣ

ጋዜጣ መንግሥትን ሲከስ አይተናል። መንግሥት ጋዜጣን ሲከስማ ለምደነዋል። ጋዜጣ የገዛ ባለቤቱን፣ በባለቤቱ ወረቀትና በባለቤቱ ቀለም፣ ከጠላት ጋር ተዋውሏል ብሎ ለአንባቢ ሲያጋልጥ ግን እኛ ሰምተን አናውቅም ነበር። ይህ የሆነው ፓሪስ ውስጥ ነው፤ በ1936 በጁን ወር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጋዜጣው በጀርመንኛ የሚታተም የስደተኞች ዕለታዊ ነው። ስሙ "ፓሪዘር ታገብላት" ይባላል፤ የፓሪስ ዕለታዊ ወረቀት እንደማለት ነው።

ጋዜጠኝነት ስንማር "የሚዲያ ታሪክ" የሚባል ኮርስ ነበረን። ኮርሱ ከጉተንበርግ ይነሳና ብዙም ሳይቆይ "አእምሮ" እና "ብርሃንና ሰላም" ላይ ያርፋል። በመሀል ያለው ጊዜ በአንድ የእረፍት ደወል ያልፋል። ስለ ስደት ጋዜጦች የተማርነው ነገር ትዝ አይለንም። ለነገሩ የእኛም ታሪክ ከዚህ የጸዳ አይደለም፤ በ1940 እና በ1941 ካርቱም ላይ በእንግሊዞች እገዛ በአማርኛ እየታተመ ለአርበኞች ይላክ የነበረውን "ባንዲራችን" የተባለውን ወረቀት ማንሳት ይበቃል። ከ2005ቱ ምርጫ በኋላ ደግሞ ስንቱ ጋዜጠኛ ሻንጣውን ይዞ እንደወጣና ውጪ ሆኖ ስንት ድረ ገጽና ሬዲዮ እንደከፈተ የእኛ ዕድሜ ሰዎች በዓይናችን ያየነው ነው። በእነዚያ ገጾች ዙሪያ ሁልጊዜ የሚሰማ አንድ ጥያቄም አለ፦ "ከጀርባው ማን ነው? ገንዘቡን ማን ሰጠው?" የምትል። የፓሪዘር ታገብላት ታሪክ የገባን ከዚችው ጥያቄ ተነስተን ስናነበው ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በርሊን ነው። ሂትለር ጃንዋሪ 30 ቀን 1933 መራሔ መንግሥት ሆኖ ተሾመ። ወር ሳይሞላው የጀርመን ፓርላማ ሕንፃ በእሳት ጋየ፤ በማግስቱ በወጣው አዋጅ የፕሬስ ነፃነትን ጨምሮ መሠረታዊ መብቶች ታገዱ። የኮሚኒስቶቹና የሶሻል ዴሞክራቶቹ ጋዜጦች ወዲያው ተዘጉ። የቀሩትን ደግሞ መዝጋት አላስፈለገም። ኦክቶበር 4 ቀን 1933 የወጣው የአዘጋጆች ሕግ በቂ ነበር። በዚህ ሕግ መሠረት ጋዜጠኛ ለመሆን መዝገብ ላይ መስፈር ግዴታ ሆነ፤ አይሁዳዊ የሆነ ወይም አይሁዳዊት ያገባ ሰው መዝገቡ ላይ አይሰፍርም። ሕጉ ሌላም ብልሃት ነበረው። አዘጋጁን ከጋዜጣው ባለቤት ቀምቶ የመንግሥት ተጠሪ አደረገው። ባለቤቱ ማተሚያ ማሽኑንና ኪሳራውን ይዞ ቀረ፤ ምን እንደሚጻፍ የሚወስነው የፕሮፓጋንዳ ሚኒስቴር ሆነ። ይህችን ነጥብ ያዟት፤ አዘጋጅና ባለቤት የሚለው ነገር ኋላ ፓሪስ ላይ ይመለሳል።

በዚያው ዓመት አገር ጥለው ከወጡት አንዱ ጌኦርግ በርንሃርት ነው። በርንሃርት በ1875 በርሊን የተወለደ፣ የኢኮኖሚ ጉዳዮችን በመጻፍ ስሙን የተከለ፣ በ1920ዎቹ ዕድሜ ጠገቡን "ፎሲሸ ጻይቱንግ"ን በዋና አዘጋጅነት የመራ ሰው ነው። ፎሲሸ ጻይቱንግ ዝም ብሎ ጋዜጣ አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ታላቁ ደራሲ ሌሲንግ የጻፈበት፣ የበርሊን ምሁር ቁርሱን ሲበላ ገልጦ የሚያነበው ወረቀት ነው። በርንሃርት ከ1928 እስከ 1930 የፓርላማ አባልም ነበር። የሰውየውን ክብር እዚህ ጋር በደንብ እንያዘው፤ ፓሪስ ሲገባ ዕድሜው ወደ 60 እየተጠጋ ነው። በዚህ ዕድሜ ሰው ስለ ጡረታ እንጂ በባዕድ አገር ከዜሮ ስለመጀመር አያስብም። ኦገስት 1933 ናዚዎች ዜግነታቸውን የገፈፏቸውን የመጀመሪያዎቹን 33 ሰዎች ዝርዝር ሲያወጡ የበርንሃርት ስም ከደራሲዎቹ ሃይንሪኽ ማንና ሊዮን ፎይክትቫንገር ጋር አብሮ ወጣ። ፎሲሸ ጻይቱንግ ደግሞ ማርች 31 ቀን 1934 የመጨረሻ እትሙን አወጣና ሞተ።

በ1933 ብቻ 25,000 ያህል ሰው ከጀርመን ወደ ፈረንሳይ ገባ ይባላል። ሀኪም አለ፣ ጠበቃ አለ፣ ተዋናይ አለ፣ ነጋዴ አለ። ሀኪሙ በፈረንሳይ ሕግ ማከም አይፈቀድለትም፤ ጠበቃውም መሟገት አይችልም። ጋዜጠኛው ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ ሀኪም ቢያንስ ጉበት በሁሉም አገር ጉበት ነው። የጋዜጠኛ ዕቃው ቋንቋው ነው፤ እሱን ድንበር ላይ ጥሎ ነው የገባው።

ይህን የቋንቋ ረሃብ አይቶ ገበያ አለው ያለው ጀርመናዊ አልነበረም። ቭላዲሚር ፖልያኮቭ ይባላል፤ ከቦልሼቪክ አብዮት ሸሽቶ የወጣ ሩሲያዊ አይሁዳዊ ነው። አገሩ ሳለ በጋዜጣ ሥራ የኖረ፣ ከስደት በኋላም በርሊን ጥቂት ዓመታት ከርሞ በ1920ዎቹ አጋማሽ ፓሪስ የገባ ሰው ነው። ይኸው ሁለቴ የተሰደደ ሰው፣ ለአዲሶቹ ስደተኞች በቋንቋቸው ዕለታዊ ጋዜጣ ልክፈት አለና በርንሃርትን ዋና አዘጋጅ አድርጎ ቀጠረ። የመጀመሪያው እትም ዲሴምበር 12 ቀን 1933 ወጣ። ስሙ በርሊን ውስጥ ስመ ጥር የነበረውን "በርሊነር ታገብላት" እንዲያስታውስ ሆን ተብሎ የተመረጠ ይመስላል። ናፍቆትን በርዕሱ ላይ መሸጥ የጀመረ ጋዜጣ ነው ማለት ይቻላል።

ሌሎች የስደት ኅትመቶችም ነበሩ። ሊዮፖልድ ሽቫርትስሺልድ እዚያው ፓሪስ "ዳስ ኖየ ታገ-ቡክ" የሚባል ሳምንታዊ መጽሔት ያወጣ ነበር፤ ፕራግ ላይም "ዲ ኖየ ቬልትቡነ" ነበረች። ሳምንታዊ መጽሔት ግን የሐሳብ ቤት ነው፤ ሐሙስ የጻፍከውን እሁድ ታርመዋለህ። ዕለታዊ ጋዜጣ ሌላ ፍጥረት ነው። ዛሬም ነገም ከነገ ወዲያም መውጣት አለበት፤ ዜና ቢኖርም ባይኖርም።

ፓሪዘር ታገብላት ስስ ወረቀት ነበር፤ ጥቂት ገጾች ብቻ። በፊት ገጹ ላይ የጀርመንና የዓለም ፖለቲካ፣ በርዕሰ አንቀጹ ላይ በርንሃርት ራሱ። ሃይንሪኽ ማን ይጽፍበታል፤ የበርሊኑ የቲያትር ሐያሲ አልፍሬድ ኬር ይጽፍበታል፤ ዮዜፍ ሮትም ብዕሩን አውሶታል። የሰላም ታጋዩ ሄልሙት ፎን ጌርላኽ በ1935 ፓሪስ ላይ እስኪሞት ድረስ ከጸሐፊዎቹ አንዱ ነበር። እኛን የሳበን ግን የኋለኛው ገጽ ነው። ማስታወቂያዎቹ። የጀርመን ምግብ የሚያበስል ምግብ ቤት፣ ዕቃ የተሟላለት የኪራይ ክፍል፣ ፈረንሳይኛ የሚያስተምር ሰው፣ ወደ ፍልስጤም ወይም ወደ ደቡብ አሜሪካ የሚሄድ መርከብ። ደግሞ የስብሰባ ጥሪ፤ ስደተኛ ባለበት ስብሰባ አይጠፋም። ሜይ 10 ቀን 1934፣ ናዚዎች መጽሐፍ ያቃጠሉበት አንደኛ ዓመት ሲሆን፣ ፓሪስ ውስጥ የተቃጠሉትና የታገዱት መጻሕፍት የሚነበቡበት ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። ጋዜጣው የእነዚህ ሰዎች መገናኛ አደባባይ ነበር። ቡና አዝዞ ለሦስት ሰዓት የሚቀመጥ፣ በሆቴል ክፍሉ ማብሰል የተከለከለ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ መቼ እንደሚያልቅ በጣቱ የሚቆጥር ሰው፣ ማለዳ ላይ በገዛ ቋንቋው የሚያነበው ነገር ሲያገኝ ምን እንደሚሰማው ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለ ዘመድ ያለው ሰው ይገባዋል።

ዜናውን ከየት ያመጡታል? ይህን የጠየቅነው የሙያ ነገር ሆኖብን ነው። ከተሰደዱበት አገር መዘገብ ማለት፣ ሪፖርተር ልትልክበት ከማትችልበት ቦታ መዘገብ ማለት ነው። የስደት ጋዜጠኞች ከሁሉ በላይ የሚጠቀሙበት ምንጭ የናዚዎቹ የራሳቸው ጋዜጦች ነበሩ። የትናንሽ ከተሞችን ወረቀቶች ገዝተው በመርፌ እንደሚፈለግ ነገር ይፈትሿቸዋል። እገሌ የተባለ ሠራተኛ መንግሥትን ተሳድቦ ይህን ያህል ወር ተፈረደበት የምትል የፍርድ ቤት ዜና፣ ቅቤ ደብቃችሁ አትሽጡ የሚል የማዘጋጃ ቤት ማሳሰቢያ፤ ለበርሊን ባለሥልጣን ማስፈራሪያ የሆነው ለፓሪስ አዘጋጅ ማስረጃ ነው። ሬዲዮ ያዳምጣሉ። የስዊስንና የፈረንሳይን ጋዜጦች ይቀዳሉ። ከጀርመን ለሥራ ወይም ለሽርሽር የመጣ ሰው ካለ ካፌ ጠርተው ያናዝዙታል። ይህ የመጨረሻው ምንጭ ከሁሉ የሚጣፍጠውም ከሁሉ አደገኛውም ነው፤ ምክንያቱም ከፊትህ የተቀመጠው ሰው ማን እንደሆነ አታውቅም።

ድክመታቸውንም እንናገር። የስደት ጋዜጣ ተስፋን ከዜና መለየት ይከብደዋል። በ1933 እና በ1934 ስደተኛው ሁሉ ሻንጣውን ሳይፈታ ነው የሚኖረው፤ ሂትለር በመጪው ክረምት፣ ካልሆነም በሚቀጥለው በጋ ይወድቃል ባይ ነው። ኢኮኖሚው ይንኮታኮታል፣ ጦሩ ይነሳበታል፣ ሠራተኛው ያምፃል። ይህን ተስፋ ለአንባቢ በየማለዳው ማቀበል የስደት ፕሬሱ ሁሉ በሽታ ነበር። መልሱ የመጣው በጃንዋሪ 1935 ነው። ዛርላንድ የምትባለው የድንበር ግዛት (ከእኛው ዛር ጋር አይገናኝም) ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ በመንግሥታቱ ማኅበር አስተዳደር ሥር ነበረች። ሕዝቧ ወደ ጀርመን ይመለስ እንደሆን ጃንዋሪ 13 ድምፅ ሰጠ። ስደተኞቹ ለወራት ቀስቅሰው ነበር። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ሕዝብ፣ ያለ ሂትለር ጠመንጃ፣ በሚስጥር ድምፅ፣ ጀርመንን መረጠ። እዚያው ዛርብሩከን ይታተም የነበረው ሌላው የስደት ዕለታዊ "ዶይቸ ፍራይሃይት" በዚሁ አበቃ። የፓሪሱ ታገብላት ብቻውን ቀረ። ሻንጣዎቹም ተፈቱ።

አሁን ወደ ፍርሃቱ እንምጣ፤ ያለ ፍርሃቱ የጁን 1936ቱን ነገር መረዳት አይቻልምና። የናዚዎች እጅ ድንበር እንደማያግደው ስደተኞቹ በተግባር አይተዋል። ኦገስት 30 ቀን 1933 ፈላስፋው ቴዎዶር ሌሲንግ ቼኮስሎቫኪያ ውስጥ፣ ማሪየንባድ ላይ፣ በቤቱ መስኮት በኩል በጥይት ተመታ፤ በማግስቱ ሞተ። ከዚህም የባሰ ለጋዜጠኞች ቅርብ የሆነ ነገር መጣ። በርትሆልድ ያኮብ የጀርመንን ድብቅ የጦር መሣሪያ ግንባታ የሚያጋልጥ ጋዜጠኛ ነበር። ማርች 1935 ባዝል፣ ስዊዘርላንድ ውስጥ እራት ተጋብዞ፣ ፓስፖርት ይሠራልሃል ተብሎ መኪና ውስጥ ገባ፤ መኪናው ድንበሩን ጥሶ ጀርመን አስገባው። ጋባዡ ሃንስ ቬዘማን ይባላል። እሱም ጀርመናዊ ስደተኛ፣ እሱም ጋዜጠኛ፣ የያኮብ የሙያ ጓደኛ ነው፤ ለጌስታፖ እየሠራ ነበር። ስዊዘርላንድ ከፍተኛ ተቃውሞ አሰምታ ያኮብ በመስከረም ተመለሰ። መተማመን ግን አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ ፓሪስ ካፌ ውስጥ የሚቀመጥ ጀርመናዊ ጋዜጠኛ ሁሉ ሒሳብ የከፈለለትን ሰው በጥርጣሬ ማየት ጀመረ። እባብ ያየ በልጥ በረየ የሚባለው ነው።

በ1936 የጸደይ ወራት ታገብላት በገንዘብ ተቸግሯል። ነገሩ አይደንቅም። አንባቢው ደሃ ነው፤ ደሃ አንባቢ ያለው ጋዜጣ ሀብታም አስተዋዋቂ አያገኝም። ብዙዎች አንዱን ቅጂ ካፌ ውስጥ እየተቀባበሉ ያነቡታል። ባለቤቱ ፖልያኮቭና ዋና አዘጋጁ በርንሃርት በገንዘቡም በአመራሩም አይስማሙም። ፖልያኮቭ ጋዜጣውን እንደ ንግድ ነው የሚያየው፤ ካላዋጣው ሌላ መንገድ ይፈልጋል። በርንሃርት ደግሞ እንደ ጦር ግንባር ነው የሚያየው። ግንባር ደግሞ ባለቤት የለውም።

ጊዜውም የረጋ አልነበረም። ማርች ላይ ሂትለር ራይንላንድን በጦር ይዟል፤ ማንም አልነካውም። ሜይ 5 የባዶልዮ ጦር አዲስ አበባ ገብቷል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከሦስት ቀን በፊት ወጥተዋል። የእኛ ሰዎችም በዚያው ሰሞን ስደተኛ ሆኑ ማለት ነው። ፓሪስ ውስጥ ደግሞ ጁን መጀመሪያ የሊዮን ብሉም የሕዝባዊ ግንባር መንግሥት ሥልጣን ያዘ፤ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሠራተኛ አድማ ላይ ነበር፤ ፋብሪካው በሠራተኛ ተይዟል፣ መንገዱ በሰልፍ ተሞልቷል። ዓለም በአንድ ጊዜ የምትፈርስም የምትሠራም የምትመስልበት ሳምንት ነው።

በዚህ መሀል የታገብላት አዘጋጆች ፖልያኮቭ ጋዜጣውን ለናዚዎች አሳልፎ ሊሰጥ ከጀርመን የፕሮፓጋንዳ ሰዎች ጋር እየተደራደረ ነው የሚል እምነት ያዙ። እምነቱን ለራሳቸው አላስቀሩትም። በጁን ሁለተኛ ሳምንት በዚያው በታገብላት ገጾች ላይ ለአንባቢ አወጁት፤ እኛ ከዚህ ሰው ጋር አንሠራም ብለው በጅምላ ለቀቁ። ጁን 12 ደግሞ በርንሃርት የሚመራው፣ ያው የጽሕፈት ክፍል የሚያዘጋጀው አዲስ ጋዜጣ ወጣ፦ "ፓሪዘር ታገስጻይቱንግ"። ፖልያኮቭ በበኩሉ ታገብላትን በሌሎች ሰዎች ሊያስቀጥል ሞከረ። አልሆነለትም። የናዚ ሸሪክ የተባለ ሰው የሚያሳትመውን የስደተኞች ጋዜጣ ማን ስደተኛ ይገዛል? ጁን 14 ታገብላት የመጨረሻ እትሙን አወጣ። ሁለቱ ጋዜጦች ጎን ለጎን የታዩት ለሦስት ቀን ብቻ ነው።

የስደተኛው ዓለም ለአዘጋጆቹ አጨበጨበ። ለምን አያጨበጭብ? በርሊን ላይ ባለቤቶች ጋዜጣቸውን ለሂትለር ሲያስረክቡ አዘጋጆች ዝም ብለው ነበር። አሁን ፓሪስ ላይ አዘጋጆች "እምቢ" አሉ፤ ገንዘብ ያለውን ሰው አሸነፉት። ታሪኩ እንደ ተረት ያምራል። እኛም መጀመሪያ ያገኘነው በዚህ መልኩ ነበር፤ ስለ ጋዜጠኛ ጀግንነት የሚጻፍ ጥሩ ርዕስ አገኘን ብለን ተደስተን ነበር።

ችግሩ ክሱ እውነት አልነበረም።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ የመጣው ከራሱ ከስደተኛው ሠፈር ነው። ሽቫርትስሺልድ በመጽሔቱ ማስረጃችሁ የታለ ብሎ ጠየቀ፤ ደጋግሞ ጠየቀ። የስደተኛ ጋዜጠኞች ማኅበር ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው ወራት ፈጅቶ ሲጨርስ፣ ፖልያኮቭ ጋዜጣውን ለናዚዎች ሊሸጥ ነበር የሚለውን የሚያቆም ነገር አላገኘም። ነገሩ ፈረንሳይ ፍርድ ቤትም ደረሰ፤ እዚያም የተረቱት አዘጋጆቹ ናቸው፤ በስም ማጥፋት። ፖልያኮቭ ስሙ ነጻ ወጣ፤ ጋዜጣው ግን በዚያን ጊዜ የለም።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። በርንሃርት ዋሾ ነበር ወይ? እኛ አይመስለንም። ምናልባት ከዋሾ የሚከብድ ነገር ነው የሆነው። ከፖልያኮቭ ጋር የነበረው ጠብ የሥራ ጠብ ነው፤ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሥልጣን፣ ጋዜጣውን ማን ይምራ ስለሚል ነገር። እንዲህ ያለ ጠብ በየዝግጅት ክፍሉ አለ። በ1936 ፓሪስ ውስጥ ግን ማንኛውንም የሥራ ጠብ በክህደት ልብስ ማልበስ ይቻል ነበር፤ ልብሱም ልክክ ይላል። ያኮብን በእራት ያስያዘ ሰው ባለበት ዘመን "ባለቤታችን ተሽጧል" ቢባል የማያምን የለም። በርንሃርትም ያመነው ለማመን ስለተመቸው ነው። እሱ በዕድሜው ሁሉ የገበያ ወሬን ከሐቅ ሲለይ የኖረ የኢኮኖሚ ጋዜጠኛ ነው፤ ስለ አክሲዮን ዋጋ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛ ምንጭ ሳይጠይቅ አያትምም ነበር። ስለ ሰው ክብር ሲሆን አተመ።

ደግሞ አንድ የሚያስተዛዝብ ነገር አለ። የናዚዎች የአዘጋጆች ሕግ ባለቤቱን ከጋዜጣው ውሳኔ ውጪ አድርጎት ነበር ብለናል። ፓሪስ ላይ አዘጋጆቹ ያደረጉት ነገር በዓላማው ፍጹም ተቃራኒ ነው፤ ለነፃነት ሲሉ ነው ያደረጉት። ፖልያኮቭ ግን ከሁለቱ ጉዳዮች ልዩነቱን ለማየት የሚያስችል ቦታ ላይ አልነበረም። አንድ ማለዳ ተነስቶ ጋዜጣውን ሲገልጥ፣ ከቦልሼቪኮች የሸሸ፣ አይሁዳዊ የሆነ፣ ለሂትለር ስደተኞች ጋዜጣ የከፈተ ሰው፣ የሂትለር ሰው ሆኖ አገኘው። ከጓደኞቻችን አንዷ ይህን ስናወራ "ታዲያ ይቅርታ ጠየቁት?" አለችን። የጠየቁት ፍርድ ቤቱ ብቻ ነው የሚመስለው።

ክፍፍሉ አልሻረም። በዚያው ዓመት ኦገስት የሞስኮው የፍርድ ሂደት ተጀመረና ስደተኛው በስታሊንም ላይ ተከፋፈለ። ሽቫርትስሺልድና የበርንሃርት ወገን በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ አቃታቸው። ሁሉም ሂትለርን ይጠላሉ፤ በየሳምንቱ የሚጽፉት ግን እርስ በርሳቸው ላይ ነው። ይህ ለእኛ አንባቢ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለንም።

ታገስጻይቱንግ ግን ሥራውን ሠራ፤ ይህንም መካድ ነውር ነው። ናዚዎች በማጎሪያ ካምፕ ያሰቃዩት ጋዜጠኛ ካርል ፎን ኦሲየትስኪ የኖቤል የሰላም ሽልማት እንዲያገኝ ስደተኞቹ ለዓመታት ሲታገሉ ነበር፤ ኖቬምበር 1936 የ1935ቱ ሽልማት እንደተሰጠው ሲታወጅ የፓሪሱ ጋዜጣ አንባቢዎች ከሦስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያውን ድል አነበቡ። ኦሲየትስኪ ሽልማቱን ሄዶ እንዲቀበል አልተፈቀደለትም፤ በሜይ 1938 ሞተ። የኦስትሪያ መያዝ፣ የሙኒክ ስምምነት፣ የኖቬምበር 1938ቱ የአይሁድ ምኩራቦች ቃጠሎ፤ ይህን ሁሉ በጀርመንኛ በየቀኑ፣ ያለ ናዚ ሳንሱር፣ ፓሪስ ላይ የዘገበ ይኸው ስስ ወረቀት ነው። በርንሃርት ራሱ በ1938 መጀመሪያ ከመሪነቱ ወረደ፤ ካርል ሚሽና ዮዜፍ ቦርንሽታይን ተከተሉት።

መስከረም 1939 ጦርነቱ ሲጀመር ፈረንሳይ በምድሯ ያሉትን ጀርመናውያን ወንዶች እንደ ጠላት ዜጋ ሰብስባ አሠረች። ሂትለርን የሸሸውንም፣ ያልሸሸውንም። ፓሪስ አጠገብ ባለው የኮሎምብ ስታዲየም ሜዳና መቀመጫ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች ለቀናት አደሩ። የጋዜጣው ጸሐፊዎችና አንባቢዎች እዚያ ተገናኙ። ታገስጻይቱንግ ግማሽ ሰዎቹ ካምፕ ሆነው እንኳ ለጥቂት ወራት ተንፏቀቀ። የመጨረሻው እትም ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1940 ወጣ። ከአራት ወር በኋላ፣ ጁን 14፣ የጀርመን ጦር ፓሪስ ገባ፤ ታገብላት ከሞተ ልክ በአራተኛ ዓመቱ።

ፈረንሳይ ስትሸነፍ የፈረመችው የጦርነት ማቆሚያ ውል ጀርመን የምትፈልጋቸውን ስደተኞች አሳልፎ መስጠትን ያስገድድ ነበር። በርንሃርት ከሚፈለጉት አንዱ ነው። ማርሴይ ላይ ሆኖ ስደተኞችን ያሸሽ የነበረው አሜሪካዊው ቫሪያን ፍራይ ረድቶት በስፔን በኩል ወጣ፤ በ1944 ኒውዮርክ ውስጥ ሞተ። የታገብላት ስም የተቀዳበትን በርሊነር ታገብላት ለዘመናት የመራው ቴዎዶር ቮልፍ ግን አልቀናውም፤ በ1943 ኒስ ላይ ተይዞ ወደ ጀርመን ተወሰደና በዚያው ዓመት በርሊን ውስጥ ሞተ። በርትሆልድ ያኮብን በ1941 ከሊዝበን በድጋሚ አፈኑት። በዚህኛው ጊዜ የጠየቀው መንግሥት አልነበረም፤ በ1944 በርሊን ላይ ሞተ።

ፖልያኮቭ አንድ ወንድ ልጅ ነበረው። በ1910 ሴንት ፒተርስበርግ ሲወለድ ቶልስቶይ ከሞተ ቀናት ብቻ ስለሆኑ ሌቭ ብለው ሰየሙት፤ ፈረንሳዮች ሊዮን ይሉታል። በወጣትነቱ በአባቱ ጋዜጣ ውስጥ ሠርቷል፤ የጁን 1936ቱን ነገር በዓይኑ ያየው ነው። ጦርነቱ ሲመጣ ለፈረንሳይ ተዋጋ፣ ተማረከ፣ አመለጠ፣ በድብቅ አይሁዶችን ከሚያሸሹት ጋር ተቀላቀለ። ፓሪስ ነጻ ስትወጣ አይዛክ ሽኔርሶን የሚባል ሰው ያቋቋመው የሰነድ ማዕከል ውስጥ ገባ። ጀርመኖች ጥለውት የሄዱት የጌስታፖ ወረቀት በእጃቸው ገብቶ ነበር፤ ትእዛዝ፣ ዝርዝር፣ ደብዳቤ፣ ፊርማ። ሊዮን ፖልያኮቭ እያንዳንዱን ወረቀት ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደጻፈው፣ ለማን እንደላከው እያጣራ ማኅደር በማኅደር አደራጀው፤ ይዞትም ከፈረንሳይ ልዑካን ጋር ኑረምበርግ ፍርድ ቤት ሄደ። በ1951 ናዚዎች አይሁዶችን እንዴት እንደፈጁ የሚያስረዳውን መጽሐፉን አሳተመ፤ የተጻፈውም ከእነዚያው ወረቀቶች ነው።